ከአፕሬንቲስ እስከ ማስተር፦ በቴክሳስ የኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ ያገኘሁበት መንገድ

በዳላስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በአገር ቤት የኤሌክትሪክ ሙያ የተማሩ፣ በሕንፃ ዝርጋታም ሆነ በፋብሪካ ጥገና ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራሉ፣ ወይም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሣሉ። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፤ ሆኖም ሙያቸውን ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው የምሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ በተሳሳተ መረጃ ላይ የቆመ ነው። አንዱ እንደገና ኮሌጅ መግባት ግዴታ ይመስለዋል፤ ሌላው ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገና ሳይሞክረው ተስፋ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፈቃዱ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የሚሰጥ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ከመጀመሪያው ደረጃ ተነሥቼ የማስተር ኤሌክትሪሺያን፣ ማለትም የሙያውን ከፍተኛ ደረጃ፣ ፈቃድ እስከማውጣት የደረስኩት በአገር ቤት የሙያ ሥልጠናና በዚህ አገር ባገኘሁት የሥራ ላይ ልምድ እንጂ በሌላ ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ መንገዱ ምን እንደሚመስል ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምሬ፣ የብቃት ምዘናውን አልፌ፣ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃዎች ግንባታ ላይ ሠርቻለሁ። በዲቪ ወደዚህ ስመጣ የምስክር ወረቀቶቼን አስተርጉሜ በጥንቃቄ ይዤ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን በዚህ ሙያ የሚፈለገው ዋናው ሰነድ ሌላ ነው፤ እርሱም ፈቃድ ባለው ማስተር ኤሌክትሪሺያን ሥር ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ የሚመሰክር፣ በራሱ በማስተሩ የተፈረመ ወረቀት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ በዚህ በአንዱ ነጥብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው ማለት እችላለሁ።

በቴክሳስ የኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ ቀድሞ በየከተማው ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በግዛት ደረጃ አንድ ሆኗል። የሚሰጠውም ቴክሳስ ዲፓርትመንት ኦፍ ላይሰንሲንግ ኤንድ ሬጉሌሽን፣ በአጭሩ ቲዲኤልአር የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። በዳላስ የተሰጣችሁ ፈቃድ በሂውስተንም በኦስተንም ይሠራል ማለት ነው። ደረጃዎቹ በርከት ያሉ ቢሆኑም ለአብዛኛው ሰው የሚያስፈልጉት አራት ናቸው። የመጀመሪያው አፕሬንቲስ፣ ማለትም በሌላ ሰው ሥር እየሠራ የሚማር ጀማሪ ነው። ቀጥሎ የመኖሪያ ቤት ሥራ ብቻ የሚያሠራው ሬዚደንሻል ዋየርማን ይመጣል፤ ይህ 4,000 ሰዓት ይጠይቃል። ሦስተኛው ጆርኒማን፣ ማለትም ሥልጠናውን የጨረሰ ባለሙያ ሲሆን 8,000 ሰዓት ያስፈልገዋል። አራተኛው ማስተር ነው፤ ለዚህ 12,000 ሰዓት መሙላትና በጆርኒማን ፈቃድ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ግድ ይላል። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት ወደ 50 ሳምንት የሚሠራ ሰው በዓመት 2,000 ሰዓት ስለሚሞላ፣ ጆርኒማን ለመሆን 4 ዓመት ያህል ይወስዳል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ከዚያ ፈጥኖ ይደርሳል። ፈተናውን ለመውሰድ ግን 8,000ው እስኪሞላ መጠበቅ የለባችሁም፤ 7,000 ሰዓት ላይ ስትደርሱ ማመልከትና መፈተን ትችላላችሁ፣ ፈቃዱ የሚሰጣችሁ ቀሪው ሲሟላ ነው። የማስተሩም ሰዓት ቢሆን ከጆርኒማኑ በኋላ ከዜሮ የሚቆጠር አይደለም፤ የመጀመሪያው 8,000 በውስጡ ይገባል።

የአፕሬንቲስ ፈቃድ ማውጣት ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ዕድሜያችሁ ቢያንስ 16 ዓመት መሆን አለበት፤ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ 20 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ፈተና የለውም። በየዓመቱ መታደስ አለበት። መሥሪያ ቤቱ የወንጀል ታሪክ ያጣራል፤ ቀድሞ የሚያሳስባችሁ ጉዳይ ካለ ጊዜና ገንዘብ ከማጥፋታችሁ በፊት ታሪካችሁ ፈቃድ ያስከለክላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ አስቀድማችሁ የምትጠይቁበት አሠራር አለው። ብዙ ሰው "መጀመሪያ ሥራ ላግኝ፣ ፈቃዱን በኋላ አወጣለሁ" ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ለሥራ ስታመለክቱ የፈቃድ ቁጥራችሁን በማመልከቻው ላይ መጻፍ ከቻላችሁ፣ ቀጣሪው ቁም ነገር ይዛችሁ እንደመጣችሁ ወዲያውኑ ያያል። ከዚህም በላይ አፕሬንቲስ ሆኖ ለመሥራት ይህ ፈቃድ በሕግ የሚጠየቅ ነው።

ቀጣሪ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምታዩት የመጀመሪያውን ክፍያ አይሁን። ሁለት ኩባንያዎች ቢቀርቡላችሁና አንዱ በሰዓት አንድ ሁለት ዶላር ቢበልጥ፣ በዚያ ልዩነት ከመወሰናችሁ በፊት ማስተሩ ማን እንደሆነ፣ ደመወዙ በቼክ ይሁን በእጅ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ። የማንኛውም ኤሌክትሪሺያንና ኮንትራክተር ፈቃድ በቲዲኤልአር ድረ ገጽ ላይ በስም ወይም በቁጥር ተፈልጎ ስለሚታይ፣ ቃለ መጠይቅ ከመሄዳችሁ በፊት የኩባንያው ፈቃድ የጸና መሆኑን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የአገሬ ልጅ፣ እጅግ ጎበዝና ታታሪ ሠራተኛ፣ በጥሬ ገንዘብ በሚከፍል አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቶ ለፈተና ሊያመለክት ሲነሣ፣ ማስተሩ ሥራውን ለቆ የት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ኩባንያውም በደመወዝ መዝገቡ ላይ ስሙ የለም አለው። ያ ሁሉ ድካም በወረቀት ላይ እንዳልነበረ ሆነ። ዛሬም ድረስ ያንን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሥራ ችሎታው ከብዙ ፈቃድ ካላቸው ሰዎች ያላነሰ ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሳችሁን መዝገብ ያዙ። እኔ በትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሥራ ቦታውን፣ የሠራሁትን ዓይነት (ሽቦ የሚያልፍበትን ቧንቧ መዘርጋት፣ ሽቦ መሳብ፣ ፓናል ማለትም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን መግጠም፣ ጥገና)፣ የሰዓቱን መጠንና በሥሩ የሠራሁበትን ማስተር ስም ከነፈቃድ ቁጥሩ እጽፍ ነበር። የደመወዝ ደረሰኞቹንም አንድ ላይ አስቀምጥ ነበር። ደብተሩ ብቻውን በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ማስተሩ የሚፈርምበት የልምድ ማረጋገጫ ቅጽ ነው። ነገር ግን ማስተሩ ሰዓታችሁን ከትውስታ ሊጽፍ ስለማይችል፣ ተደምሮ የተዘጋጀ መዝገብ ይዛችሁ ስትቀርቡ ፊርማው ይቀላል። ሌላም ልማድ ላካፍላችሁ፤ ከአንድ ኩባንያ ስትለቁ በመልካም ሁኔታ ልቀቁ፣ ቅጹንም በዚያው ሳምንት አስፈርሙ። ከዓመታት በኋላ ሰውን ፍለጋ መንከራተት ከባድ ነው።

በኢትዮጵያ ያገኛችሁት ዕውቀት በሰዓት ቆጠራው ውስጥ ባይገባላችሁ እንኳ በእጃችሁ ላይ ይታያል። እኔ ሰዓቱን ከዜሮ ብጀምርም፣ ንድፍ ማንበብ፣ ሶስት ፌዝ መለየት፣ በሜትር መፈተሽ የማውቅ ስለነበርኩ ከእኔ ጋር ከጀመሩት አፕሬንቲሶች ቀድሜ ኃላፊነት ያለው ሥራ ይሰጠኝ ጀመር። ይሁን እንጂ እንደ አዲስ መማር ያለባችሁ ብዙ ነገር አለ። እኛ የምናውቀው በአንድ ፌዝና በኒውትራል (በተመላሹ ሽቦ) መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው። እዚህ መኖሪያ ቤት የሚገባው 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን፣ ከአንድ ትራንስፎርመር የሚወጡ ሁለት ጫፎችና በመካከላቸው ኒውትራል አሉ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ኒውትራል 120፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 240 ይለካል። የንግድ ሕንፃዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 277/480 ቮልት ስለሚገባቸው፣ በጣሪያው ላይ ያለው መብራት 277 ቮልት ሊሆን ይችላል። የሽቦው ቀለምም ይለያል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ለኒውትራል፣ አረንጓዴ ወይም ባዶ መዳብ ለግራውንድ (ለመሬት መስመር) የተጠበቀ ነው። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ካሬ ሳይሆን በጌጅ ቁጥር ስለሚጠራ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። ለሶኬት የምንጠቀምበት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በውፍረቱ በ14ና በ12 ቁጥር መካከል የሚወድቅ ነው። 14 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በ15 አምፒር፣ 12 ቁጥር በ20 አምፒር፣ 10 ቁጥር በ30 አምፒር ብሬከር (ኩረንቱ ሲበዛ በሚያቋርጠው መሣሪያ) እንደሚጠበቅ በእንቅልፋችሁ ብትጠየቁ መመለስ አለባችሁ።

ከሁሉም ይልቅ መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝ ኢንች ነው። በሴንቲ ሜትር ላደገ ሰው "ሰባት ከአምስት ስምንተኛ" ተብሎ ሲጠራበት ሜትሩ ላይ ያንን መስመር ወዲያው ማግኘት ቀላል አይደለም። በየምሽቱ ቤት ውስጥ ጠረጴዛና በር እየለካሁ እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛ ድረስ ማንበብ ተለማመድኩ። ይህን ያልለመደ ሰው ቧንቧ ማጠፍ አይችልም፤ በንግድ ሕንፃ ሥራ ደግሞ አፕሬንቲስ የሚመዘነው በቧንቧው ነው። ለምሳሌ ባለ ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ በ90 ዲግሪ አጥፋችሁ ጫፉ 12 ኢንች ከፍ እንዲል ብትፈልጉ፣ ማጠፊያው 5 ኢንች ስለሚወስድ ምልክቱን 7 ኢንች ላይ ታደርጋላችሁ። ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ከሆነ የሚቀነሰው 6 ነው። ቧንቧው 6 ኢንች ከፍታ ያለው እንቅፋት ተሻግሮ እንዲያልፍ በ30 ዲግሪ ብታጥፉት፣ በሁለቱ እጥፋቶች መካከል ያለው ርቀት ከፍታው በ2 ተባዝቶ 12 ኢንች ይሆናል፤ ቧንቧውም ለእያንዳንዱ ኢንች ከፍታ ሩብ ኢንች ስለሚያጥር፣ በጠቅላላው አንድ ኢንች ተኩል አስቀድማችሁ ትጨምራላችሁ። ፎርማኑ (የሥራ መሪው) ይህን ስሌት በእርሳስ በቧንቧው ላይ ጽፋችሁ፣ አጥፋችሁ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ግድግዳው ላይ ልክክ ሲል ሲያይ፣ አነጋገራችሁ ምንም ዓይነት ይሁን ከዚያ በኋላ ያከብራችኋል።

መደበኛ ትምህርትን በተመለከተ፣ ቴክሳስ ለጆርኒማን ፈተና የክፍል ትምህርትን ግዴታ አላደረገም። ቢሆንም የአፕሬንቲስነት ፕሮግራም ውስጥ መግባት የሚያስቆጭ አይደለም። ሁለት ታዋቂ መንገዶች አሉ። አንደኛው የሠራተኞች ማኅበሩ፣ ማለትም የአይቢኢደብሊው መንገድ ሲሆን፣ በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ሎካል 20 የሚባለው ቅርንጫፍ ነው። ፕሮግራሙ 5 ዓመት የሚፈጅ ነው። ለመግባት 18 ዓመት መሙላት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅና አልጀብራ መማራችሁን ማሳየት፣ ከዚያም የአልጀብራና የንባብ ፈተና ማለፍና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ይጠበቅባችኋል። ክፍያው በየደረጃው በስምምነት የተወሰነ ሲሆን የጤና መድንና ጡረታም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው አይኢሲ የተባለው የገለልተኛ ኮንትራክተሮች ማኅበር የሚሰጠው የ4 ዓመት ፕሮግራም ነው፤ ቀን በአንድ ኩባንያ እየሠራችሁ ከሥራ በኋላ ትማራላችሁ። ለትምህርት ሰነዶቻችሁ ትርጉምና ግምገማ ማሠራት ስለሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። እኔ ሁለተኛውን ዓይነት መንገድ ነው የተከተልኩት፤ የቤተሰብ ኃላፊነት ላለበት ሰው ቀን ሠርቶ ማታ መማር አድካሚ ቢሆንም፣ በሥራ ቦታ ሳልጠይቅ ያለፍኳቸውን "ለምን" የሚሉ ጥያቄዎች የመለሰልኝ ክፍሉ ነው። ለምሳሌ ኒውትራልና ግራውንድ የሚገናኙት በዋናው ማቋረጫ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በታች ባለው ንዑስ ፓናል ግን ተለያይተው መቆየት እንዳለባቸው በሥራ ላይ እሰማ ነበር፤ ካልተለያዩ የኒውትራሉ ኩረንት በቧንቧውና በመሣሪያዎቹ ብረት አካል ላይ እንደሚመላለስ በሥዕል ተስሎ ያየሁት ግን ክፍል ውስጥ ነው።

ፈተናው የሚሰጠው ፒኤስአይ በተባለ የፈተና ድርጅት በኩል ሲሆን፣ የሚመሠረተው ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ በተባለው የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ መጽሐፍ ላይ ነው። ይህ ኮድ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ቴክሳስ የ2023ቱን እትም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል፤ እናንተ በምትፈተኑበት ጊዜ የትኛው እትም እንደሚሠራ ሳታረጋግጡ መጽሐፍ አትግዙ፣ ርካሽ ነው ብላችሁም አሮጌ እትም አትያዙ። ፈተናው መጽሐፉን እያዩ የሚሠሩት ስለሆነ፣ የሚፈትነው መሸምደዳችሁን ሳይሆን የምትፈልጉትን በፍጥነት ማግኘታችሁን ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ፍጥነት ለሚያንሰን ሰዎች እንቅፋትም ዕድልም ነው። እንቅፋቱ ጊዜው ነው። ዕድሉ ደግሞ ቃላቱ ውስን መሆናቸው ነው፤ የኮዱ እንግሊዝኛ እንደ ልብ ወለድ የሚለዋወጥ ሳይሆን ተመሳሳይ ቃላትን በተመሳሳይ ትርጉም ደጋግሞ የሚጠቀም ነው። እኔ በመጀመሪያ ያነበብኩት የትርጓሜ ክፍሉን፣ ማለትም አርቲክል 100ን ነው፤ የእያንዳንዱን ቃል ፍቺ በአማርኛ በደብተሬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሮቹ ራሳቸውን ይከፍቱልኝ ጀመር።

ደጋግማችሁ ልትመላለሱባቸው የሚገቡ ክፍሎች አሉ፦ የጭነት ስሌት ያለበት አርቲክል 220፣ የግራውንድና የቦንዲንግ (የብረት አካላትን እርስ በርስ የማያያዝ) አርቲክል 250፣ የሽቦ አቅም ሠንጠረዥ 310.16፣ የሞተር አርቲክል 430፣ እንዲሁም በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ምዕራፍ 9። ከስሌቶቹ ውስጥ አንዱን እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ፤ ለሶኬት የሚሆን ሳጥን መጠን ነው። ወደ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ሁለት ባለ 12 ቁጥር ኬብሎች ገብተዋል እንበል፤ እያንዳንዱ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭና አንድ ባዶ ግራውንድ አለው። ሳጥኑ ኬብሉን የሚይዝ ማሠሪያ በውስጡ አለው፣ አንድ ሶኬትም ይገጠምበታል። አራቱ ጥቁርና ነጭ ሽቦዎች እንደ 4 ይቆጠራሉ። ሁለቱ ግራውንዶች በአንድነት እንደ 1፣ የውስጥ ማሠሪያዎቹ በሙሉ እንደ 1፣ ሶኬቱ ደግሞ እንደ 2 ይቆጠራሉ። ድምሩ 8 ነው። ለ12 ቁጥር ሽቦ ለእያንዳንዱ 2.25 ኩቢክ ኢንች ስለሚያዝ፣ 8 በ2.25 ተባዝቶ 18 ኩቢክ ኢንች ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ሳጥን የገጠመ ሰው ኢንስፔክተሩ ያስፈርሰዋል፤ በፈተናውም ይህን ዓይነት ጥያቄ የማይመልስ ሰው ነጥብ ያጣል። ለማለፍ የሚያስፈልገው 70 በመቶ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉትን ስሌቶች በእርግጠኝነት መሥራት የቻለ ሰው ጊዜውን ፍለጋ ለሚጠይቁት ጥያቄዎች ያተርፋል።

ወደ ሥራ ዕድሉ ልምጣ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ባወጣው መረጃ የኤሌክትሪሺያኖች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 62,350 ዶላር ነበር፤ ከ2024 እስከ 2034 ባለው ጊዜም የሙያው የሥራ ቦታዎች በ9 በመቶ እንደሚጨምሩና በአማካይ በየዓመቱ ወደ 81,000 የሚጠጉ ክፍት ቦታዎች እንደሚኖሩ ገምቷል። ከእነዚህ ክፍት ቦታዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ሰዎች ጡረታ ሲወጡና ሙያ ሲቀይሩ ነው። እኔም በሥራ ቦታ የማየው ይህንኑ ነው፤ እጅግ የሠለጠኑት ጆርኒማኖች ፀጉራቸው የሸበተ ነው። በሰሜን ቴክሳስ ደግሞ ግንባታው አልቆመም። በሚድሎቲያንና በሬድ ኦክ የጎግል የዳታ ማዕከሎች አሉ፤ በሸርማን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ2022 ግዙፍ የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካዎች መገንባት ጀምሯል። የዳታ ማዕከል ሥራ ከሌላው የሚለየው በኤሌክትሪክ ብዛቱ ነው፤ ጄኔሬተሩ፣ ባትሪው፣ ትልልቁ ገመድ ሁሉ የኤሌክትሪሺያን እጅ ይጠብቃል፣ ትርፍ ሰዓቱም ብዙ ስለሆነ የአፕሬንቲስ ሰዓት ቶሎ ይሞላል።

እያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ የራሱ ጠባይ አለው። የአዲስ መኖሪያ ቤት ሥራ ፈጣን ነው፤ በእንጨት የግድግዳ ማዕቀፍ ላይ ኬብል መዘርጋት ስለሆነ ቶሎ ይለመዳል፣ ነገር ግን እዚያው ብቻ የቀረ ሰው ቧንቧና ሶስት ፌዝ ሳይነካ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ለጆርኒማን ፈተናም ይቸገራል። የንግድ ሕንፃ ሥራ ሰፊውን ዕውቀት ይሰጣል፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። የጥገናና የአገልግሎት ሥራ ከደንበኛ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። የፋብሪካ ጥገና በአገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ለሠሩ፣ ሞተርና ኮንታክተር ለሚያውቁ ሰዎች እጅግ የሚመች ሲሆን ብዙ ጊዜ የተረጋጋ የሥራ ሰዓትና ሙሉ ጥቅማ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርና የሶላር ሥራም እየተስፋፋ ነው። በዚህ ሙያ ያሉ ሴቶች ቁጥር አሁንም ትንሽ ቢሆንም፣ አብረውኝ የሠሩት ሴት ኤሌክትሪሺያኖች በጥንቃቄያቸውና በሥራቸው ንጽሕና የታወቁ ናቸው፤ እህቶቻችን ይህን በር ለወንድ ብቻ የተከፈተ አድርገው እንዳያዩት አደራ እላለሁ።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልናገር። የአፕሬንቲስ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ አነስተኛ ነው፤ ከእኔ ጋር የመጡና የጭነት መኪና መንዳት የጀመሩ ወዳጆቼ በዚያ ጊዜ ከእኔ በብዙ ይበልጡ ነበር። የቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ የልጆች ወጪ ባለበት ያንን ዓመት መታገሥ ቀላል አይደለም። ባለቤቴ እየሠራች ባትደግፈኝ ኖሮ አልወጣውም ነበር። መሣሪያና የኮድ መጽሐፍ የገዛሁት ከዕቁብ በደረሰኝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ክፍያው ግን በየደረጃው ያድጋል፤ ጆርኒማን ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ አንዱ ኩባንያ ባይመቻችሁ ሌላው ይቀበላችኋል።

የአካል ድካሙንና አደጋውንም አሳንሼ ማለፍ አልፈልግም። በቴክሳስ በጋ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ሰውን ሊጥል ይችላል፤ ውኃ ሳይዙ፣ ለባልደረባም ሳይናገሩ መውጣት አይገባም። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ አንድ ልማድ ከምንም በላይ ጠብቁ። ብሬከሩን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ቁልፍና ስማችሁ ያለበትን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መለኪያችሁን በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የምትሠሩበትን ሽቦ ለኩ፣ በመጨረሻም ተመልሳችሁ በመጀመሪያው ቦታ ሞክሩት። መለኪያው በመሃል ተበላሽቶ ዜሮ ያሳየ እንደሆነ የምታውቁት በሦስተኛው ሙከራ ብቻ ነው። በአገር ቤት ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ መሥራትን እንደ ጀግንነት እያየን አድገናል፤ እዚህ ያንን የሚያደርግ ሰው ከሥራ ይባረራል፣ ሊባረርም ይገባዋል።

ጆርኒማን ከሆናችሁ በኋላ ዘመድ አዝማድ "ቤቴ መጥተህ ይህችን ሥራልኝ" ማለቱ አይቀርም። የጆርኒማን ፈቃድም ሆነ የማስተር ፈቃድ ብቻውን ለሕዝብ ሥራ ተዋውሎ ገንዘብ ለመቀበል አይበቃም፤ ለዚያ የኤሌክትሪክ ኮንትራክተር ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮንትራክተር ለመሆን የማስተር ፈቃድ ያለው ሰው፣ ራሳችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ በኩባንያው ስም መመዝገብ አለበት። የኃላፊነት መድንም ግዴታ ሲሆን፣ ለአንድ አደጋ ቢያንስ 300,000 ዶላር፣ በድምሩ 600,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። ለወዳጅ ብላችሁ ያለዚህ የሠራችሁት ሥራ ነገ እሳት ቢያስነሣ የቤት መድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ሠራው የሚለውን ነው፤ ቅጣቱም ለዓመታት የደከማችሁበትን ፈቃድ እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ፣ የማስተር ፈቃዴን አውጥቼ ኮንትራክተር እስክሆን ድረስ፣ ፈቃድ ያለው ኩባንያ እጠቁም ነበር፤ አንዳንዱ ቅር ቢለውም በኋላ ይረዳል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የጆርኒማን እድሳት 30፣ የማስተር 45 ዶላር ነው። ለእድሳቱ በየዓመቱ የ4 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሚያተኩረውም በኮዱ፣ በግዛቱ ሕግና በደኅንነት ላይ ነው። በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ከቤት ሳትወጡ ትጨርሱታላችሁ። በተመዘገበ የአፕሬንቲስነት ፕሮግራም ውስጥ ያልሆነ አፕሬንቲስም ይህንኑ 4 ሰዓት እንዲወስድ ይጠየቃል፤ ይህን ባለማወቅ ፈቃዳቸው የተቋረጠ ልጆች አውቃለሁ።

በመጨረሻ፣ ከቴክሳስ ወጥታችሁ ወደ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ሌላ ቦታ የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ፣ በአሜሪካ አንድ ወጥ የሆነ ብሔራዊ የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ እንደሌለ እወቁ። ቴክሳስ ከጥቂት ግዛቶች ጋር ብቻ የጋራ ዕውቅና ስምምነት አላት፤ ዝርዝሩ በቲዲኤልአር ድረ ገጽ ላይ አለ፣ የሚሠራውም በፈተና ለተገኘ ፈቃድ ነው። ስምምነት በሌለበት ግዛት እንደገና ማመልከትና መፈተን ይኖርባችኋል፤ በዚያ ጊዜ የምትጠየቁት ዋናው ነገር የሠራችሁበት ሰዓት ማስረጃ ስለሆነ፣ ዕቃችሁን ከመጫናችሁ በፊት በሥራቸው ከሠራችሁባቸው ማስተሮች ሁሉ የተፈረመውን ቅጽ ሰብስባችሁ፣ ቅጂውን አስቀርታችሁ፣ ዋናውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።